ፊሽካው አንገትሽ ላይ አይኖርም

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እሑድ ቡና እየጠጣን «ለስቴቱ ምክር ቤት ልወዳደር ነው» ስትይ ዝም ማለቴን እናትሽ እስካሁን አልተወችልኝም። «ልጅቷን አስከፋሃት» ትለኛለች። ከፍቶኝ አይደለም። መልስ የሚመጣልኝ በሦስተኛው ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ይኸው መጣ።

የኔብራስካ ዋና ከተማ ሊንከን የገባነው በፈረንጆቹ 2000 መስከረም ላይ ነው። አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከጨዋታ በኋላ ስታዲየም መጥረግ ነበር። ቅዳሜ ቀይ የለበሰ ሕዝብ ይጎርፋል። ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ሳያልቅ የቀረበት ጨዋታ የለም። በማግስቱ እኛ በየወንበሩ ሥር ጎንበስ እያልን የኦቾሎኒ ልጣጭና ብርጭቆ እንለቅማለን። ያኔ በሰው ሁሉ አፍ አንድ ስም ነበር፤ ቶም ኦዝቦርን። እኔ መጀመሪያ ጳጳሳቸው መስሎኝ ነበር።

ለካ እንዳንቺ አሰልጣኝ ኖሯል። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን 25 ዓመት መርቶ፣ 255 ጊዜ አሸንፎ 49 ጊዜ ብቻ ተሸንፏል። እንዳንቺ የትምህርት ሰውም ነው፤ በትምህርት ሥነ ልቦና ዶክትሬት አለው። እኛ በመጣንበት መኸር ለአሜሪካ ኮንግረስ ተወዳድሮ ከመቶ ሰማንያ በላይ ድምፅ አግኝቶ ገባ።

እኔ ግን የምወድለት የተሸነፈበትን ጨዋታ ነው። ጥር 1984፣ ከማያሚ ጋር፣ እዚያው በማያሚ ሜዳ። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ አልተሸነፈም። 48 ሰከንድ ሲቀር ውጤቱ 31 ለ 30 ሆነ፤ የሚመራው ማያሚ ነው። ኳሷን በእግር አስመትቶ አንድ ነጥብ ቢወስድ እኩል ይወጣል፤ የአገሪቱ ዋንጫም የእሱ ነበር ይላሉ። እሱ ግን አቻ አልፈለገም። ለሁለት ነጥብ ሄደ። የተወረወረችው ኳስ በተከላካይ እጅ ተነክታ ወደቀች። የመጀመሪያ ዋንጫውን ለማየት 11 ዓመት ጠበቀ። ይህን ያጫወተኝ አብሮኝ የሚጠርግ ሽማግሌ ነው፤ መጥረጊያውን ተደግፎ፣ ልክ ትናንት የሆነ ያህል እየተናደደ።

ያን ውሳኔ ሲወስን ማንንም ድምፅ አላሰጠም። ኮንግረስ ሲገባ ግን ከተወካዮች ምክር ቤቱ 435 አባላት አንዱ ሆነ። በ63 ዓመቱ እንደገና ጀማሪ።

ሐሳብ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ላይ አይቼሻለሁ። ፊሽካሽ ሲነፋ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ሲነፋ ይቆማሉ። የኔብራስካ ምክር ቤት ውስጥ 49 ሴናተር አለ። ሁለተኛ ምክር ቤት የለውም፤ ከ1937 ጀምሮ አንድ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ስቴት ሌላ የለም። ሕግ ለማሳለፍ 25 ድምፅ ያስፈልጋል። አንዱ ተነስቶ በንግግር አላሳልፍም ካለ ደግሞ 33። ሠላሳ ሦስት ሰው በፊሽካ አይነሳም። የአንዱን የበቆሎ ዋጋ፣ የሌላውን የውሃ ጭቅጭቅ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ። አንቺ ደግሞ መስማት ላይ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አባትሽን ነው የምትመስዪው።

ያጨበጨበልሽ ሁሉም አይመርጥሽም። በ2006 ኦዝቦርን ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ እንደ ስቴቱ ነዋሪ እንዲከፍሉ ሕግ አወጣ። አገረ ገዥው ሻረው፤ ምክር ቤቱ ሽረቱን ገልብጦ አጸደቀው። ኦዝቦርን ሕጉን ደገፈ። በፓርቲው ማጣሪያ ያንኑ አገረ ገዥ ገጥሞ 50 ለ 44 ተሸነፈ። የተሸነፈው በዚህ ብቻ ነው አልልሽም። ግን እኔ ያኔ ታክሲ እነዳ ስለነበር ከኋላ ወንበር የሚባለውን ሰምቻለሁ።

ፍጹም ሰውም አይደለም። በ1995 የቀድሞ ፍቅረኛውን የደበደበ ተጫዋች ነበረው፤ ስድስት ጨዋታ ቀጥቶ መልሶ ማሰለፉ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ልጁን ሜዳው ያድነዋል ብሎ ነው ይላሉ። የልጅቷንስ ማን ጠየቀ?

እኛ ቤት የደረሰው ግን ሌላው ሥራው ነው። በ1991 ከሚስቱ ጋር ተማሪን ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር የሚያገናኝ ድርጅት አቋቋመ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ በየሳምንቱ ትምህርት ቤት እየመጣች ምሳ አብራሽ ትበላ የነበረችው ሴትዮ በዚያ በኩል ነው የመጣችው። እኔ ሁለት ሥራ ላይ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬም ለአስተማሪዎችሽ አይበቃም ነበር። ሩጫ የጀመርሽው በሷ ምክር ነው፤ እኔማ «ለጥናት ጊዜ ይሻማል» ብዬ ተቃውሜ ነበር። ስለዚህ አሁን ዝም ብል አይፈረድብኝም።

የቀረው የሒሳብ ነገር ነው። ደመወዙ በዓመት 12,000 ዶላር ነው፤ የቤት ኪራይሽንም አይሸፍንም። ስብሰባው ጥር ተጀምሮ እስከ ፀደይ ይዘልቃል፤ የምታሰለጥኚያቸው ልጆች ከቤት ውጪ የሚያደርጉት ውድድር በሚሞቅበት ሰሞን ማለት ነው። ኮሌጁ ፈቃድ ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቀሻል? ልጆቹንስ ለማን ትሰጫቸዋለሽ? ይህን ሳትጨርሺ ለማንም እንዳታወሪ። ለአክስትሽ በተለይ።

መመዝገቢያው 120 ዶላር ነው አሉ። እናትሽ ከዕቁቧ አውጥታ ሰጥታኛለች፤ ፖስታው ውስጥ አለልሽ።

አባትሽ