ነፍሰ ጡሯን መዝናችሁ ብቻ አትሸኟት፣ ኪሎዋን አስረዷት

ግልጽ ደብዳቤ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሚዛን ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴን ለእርግዝና ክትትል ይዣት እሄድ ነበር። መሃል ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ማንንም ለመክሰስ ስላልሆነ ስሙን አላነሳም። በሩ ጥግ ላይ ሚዛን አለ። እህቴ ጫማዋን አውልቃ ትወጣለች። ሲስተሯ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ትጽፋለች። "ውረጂ የኔ እናት። ቀጣይ!" ከዚያ ግፊት ይለካል፣ የልጁ የልብ ምት ይደመጣል፣ የአይረን ክኒን ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል። አለቀ። ሲስተሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። ኮሪደሩ ላይ ግን መቀመጫ ያጡ እናቶች ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቋት ነበር።

ካርዱ ዛሬም እኔ ጋ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር 49 ነው። ከዚያ 50፣ 50፣ 51 እያለ ይሄድና 55 ላይ ያበቃል። ቁመት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ 6 ኪሎ ብቻ ጨምራለች ማለት ነው። ቁጥሩ በየቀጠሮው ተጽፏል። ይበቃል ወይስ አይበቃም ያላት ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላወቅኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እህቴ ምግብ አጥታ አልነበረም። ፈርታ ነው። ጎረቤቶች "ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብሻል" ብለዋታል። ስድስተኛ ወሯ ላይ ደግሞ ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባቷ "አንቺ ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ጾሙ ይለፍሽ" ብለዋት ነበር። ልቧ እንቢ አላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ከዚያ ሽሮ በግማሽ እንጀራ። ልጁ ሲወለድ 2 ኪሎ ከ300 ነበር። ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ሕፃን ዝቅተኛ ክብደት አለው እንደሚባል ያኔ ነው የሰማሁት። ተመስገን፣ ዛሬ አራት ዓመቱ ነው፣ ጥያቄው አያልቅም። ቢሆንም በዕድል የወጣንበትን ነገር ለሌላ እናት በዕድል ልተውላት አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ አነበብኩ። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት መመሪያ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። ከእርግዝና በፊት ክብደቷ ከቁመቷ ጋር የተመጣጠነ ሴት በጠቅላላው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ጥሩ ነው ይላል። በጣም ቀጭን ከሆነች ከ12.5 እስከ 18። ከወፈረች ከ7 እስከ 11.5፣ በጣም ከወፈረች ደግሞ ከ5 እስከ 9። እህቴ 1 ሜትር ከ60 ናት። በ49 ኪሎ ስትጀምር የተመጣጠነ ክብደት ነበራት። ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሄደችው። ለዚህ ስሌት የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ባዶ የቀረው ቁመት ነው።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር ኪሎው የት እንደሚሄድ ነው። እህቴ ሁሉም ስብ ይመስላት ነበር። ለወትሮው ልጁ ራሱ 3 ኪሎ ገደማ ነው። የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውኃው፣ የማህፀኑ ማደግ፣ የጡቱ መሙላት፣ የደሟ መጨመር ሁሉ ተደምሮ ነው። የቀረው እናትየው ለማጥባት የምታስቀምጠው ስንቅ ነው። ይህን ብትሰማ ኖሮ ባልፈራች።

ወደ ልጆቹ ጭንቅላት ልምጣ። ኪሎ ብቻውን ልጅን ጎበዝ አያደርግም። ቤቱ፣ ጡቱ፣ ጨዋታው፣ የሚያናግረው ሰው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አለበት። ግን ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የሚወለዱ ልጆች በአማካይ በትምህርት እንደሚቸገሩ በብዙ አገር ታይቷል። አንጎል በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት በፍጥነት ያድጋል። ያን ጊዜ አይረን፣ አዮዲንና ፕሮቲን ካጣ፣ በኋላ መካስ ከባድ ነው። ጓቲማላ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 የተደረገ አንድ ጥናት አለ። በአንዳንድ መንደሮች ለእናቶችና ለሕፃናት አቶሌ የሚባል ፕሮቲን ያለው መጠጥ ይሰጥ ነበር፤ የእኛ አጥሚት በሉት። በሌሎቹ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ። ሕፃን ሳሉ አቶሌውን ያገኙት ልጆች ካደጉ በኋላ አንብቦ በመረዳት በልጠው ተገኙ።

እኔ ይህን ለማመን ጓቲማላ መሄድ አላስፈለገኝም። የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ ወዲህ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅ ቀንሷል። የተራበ ልጅ ፊደል እንደማይገባው ከተማችን አውቃ ሥራ ጀምራለች። የልጁ ምገባ ግን ከአንደኛ ክፍል ሳይሆን ከእናቱ ማህፀን ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። "ለሁለት ብዪ" እየተባለች ያለ ልክ የምትጨምር እናትም በመሃል ከተማ ብዙ ናት። የጎረቤቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ፣ በለስላሳና በኬክ ሰባት ወር ገባች። የእርግዝና ስኳር ተገኘባት። ድንገት በአንድ ሳምንት ውስጥ ኪሎ የጨመረች፣ ፊቷና እጇ ያበጠ፣ ራሷን የሚያማት እናትማ ወዲያው መታየት አለባት፤ የግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህንንም ማንም አይነግራትም።

የምለምናችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። በእያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል ክፍል ግድግዳ ላይ የቁመት መለኪያ ይለጠፍ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮም ይሞላ። ካርዱ ላይ እናትየው ራሷ የምታየው መስመር ይታተም፤ ስትጨምር ነጥቡ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ትይ። አዋላጅ ነርሷ ለዚህ አምስት ደቂቃ ትኑራት። በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ማለት ምን እንደሆነ በስሙ ይነገራት። እንቁላልና ወተት ዋጋቸው የት እንደደረሰ እናውቃለን፤ ስለዚህ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቆሎውና በሶው ይነገራት። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ባልየውንና አማትየውን ጭምር ያናግሩ፤ ሳህኑን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ለንስሐ አባቶችና ለኢማሞችም ቢሯችሁ ደብዳቤ ይጻፍላቸው። አብዛኞቹ ለነፍሰ ጡር ጾም እንደማይጸና ያውቃሉ፤ ከሐኪም ጋር አንድ ቃል ቢናገሩ የእህቴ ዓይነቷ ትሰማለች።

እህቴ እንደገና አርግዛለች። አሥራ ስድስተኛ ሳምንቷ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ቁመቷን ቤት ውስጥ በሜትር ለክቼ ካርዷ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፦ 1.60። ሲስተሯ ስትመዝናት ያንን አሳይቻት "እስከ መጨረሻው ስንት ትጨምር?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአራት ኪሎ ነዋሪ፣ እናትና መምህርት