የዓመት ትኬት ገንዘብ አደራ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ እንግሊዝ ክለቦች ባለቤትነት የሚወጡትን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በእግር ኳሱ ፕሪሚየር ሊግ ላይ በመሆኑ፣ የእንግሊዝ ስፖርት ማለት የቴሌቪዥን ገንዘብ እንደ ጎርፍ የሚፈስበትና ባለሀብት የያዘው ክለብ ሁሉ የሚደላደልበት ዓለም ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ክለቦቻችን ከመንግሥት በጀት ተላቀው በባለሀብት እጅ ይግቡ የሚለው ክርክር በአገር ቤት ሲነሣም እንግሊዝን በምሳሌነት የሚጠቅሱ አሉ። እኔ ግን በእንግሊዝ ስኖር ከእግር ኳሱ ይልቅ የቀረብኩት አይስ ሆኪን ነው፤ በዚያ ያየሁት የባለቤትነት ታሪክ ከተለመደው ሥዕል ጋር ስለማይገጥም ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ከእኛው ገና ጋር እጅግ ይቀራረባል ብል ይገባዋል፤ በሩሯ ፈንታ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ፣ በመስኩ ፈንታ በረዶ ነው። ብሪታንያ በዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1936 (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጋርሚሽ ፓርተንኪርኸን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ወርቁን የወሰደችው እርሷ ነበረች። እኔን ወደ አዳራሹ የወሰደኝ ልጄ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ተከትዬው ገባሁ፤ ከዚያ በኋላ ሳልሄድ የቀረሁባቸው የጨዋታ ምሽቶች ጥቂት ናቸው።

ክለብ ገንዘብ እንዴት እየለቀመ እንደሚኖር ማየት የፈለገ ሰው በዕረፍት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ቢቆም ይበቃዋል። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሆኖ በሦስት ይከፈላል፤ በመሐሉ ሁለት ዕረፍት አለ። በአንደኛው ዕረፍት ቁጥር የተጻፈባቸው ለስላሳ የስፖንጅ ክቦች ይሸጣሉ፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ በረዶው መሐል ይወረውራቸዋል፤ ለመሐለኛው ነጥብ የቀረበው ሰው ሽልማት ይወስዳል፤ የቀረው ገንዘብ ለክለቡ ይገባል። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ ተጫዋቹ በላብ የራሰ ማልያውን አውልቆ ዕጣ ለወጣለት ደጋፊ ያስረክባል፤ የዚያም ዕጣ ገቢ ለክለቡ ነው። እኔም ሁለት የውድድር ዓመት ሙሉ ባልዲ ይዤ በደረጃዎቹ መሐል እየተመላለስኩ የዕጣ ቲኬት ሸጫለሁ፤ ከሚሰበሰበው ግማሹ ለባለ ዕድሉ፣ ግማሹ ለክለቡ ነበር። አጠገቤ የምትሸጠው ጡረተኛ ሴት በየጨዋታው መጨረሻ ሳንቲሙን በዓይነት በዓይነቱ ደርድራ ስትቆጥር ያየ ሰው፣ ይህ ገንዘብ ለእርሷ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ባለሙያ ተጫዋች የሚቀጥር፣ ከካናዳ በአውሮፕላን የሚያስመጣ፣ ቤት ተከራይቶ የሚያኖር ድርጅት ከደጋፊ ባልዲ የሚጠብቀው ነገር መኖሩ መጀመሪያ ላይ አስገርሞኝ ነበር።

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የብሪታንያ አይስ ሆኪ ክለብ የሚኖረው ተመልካች በር ላይ በሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ የቴሌቪዥን ገቢው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ይህ ለሁሉም ታየ፤ ከፍተኛው ሊግ ያለ ተመልካች መጫወት እንደማይችል አስታውቆ የ2020/21ን ውድድር ሳያካሂድ ቀረ፤ በ2021 ጸደይ ላይ አራት ክለቦች ብቻ በመንግሥት ድጋፍ ኖቲንግሃም ላይ በባዶ አዳራሽ አጭር ውድድር አደረጉ። ከዚህ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ክለቦች የሚጫወቱበት አዳራሽ ባለቤት አይደሉም፤ ተከራይ ናቸው። ለበረዶው ሰዓት ይከፍላሉ፤ ተመልካቹ በየዕረፍቱ የሚገዛው ምግብና መጠጥ ግን ብዙውን ጊዜ የአዳራሹ ባለቤት ገቢ ነው። አዳራሹ ለሙዚቃ ዝግጅት ከተፈለገ ክለቡ ቀኑን ይለቃል። እግር ኳስ ክለብ ቢያንስ ሜዳውን አስይዞ ይበደራል፤ የአይስ ሆኪ ክለብ በእጁ ያለው ስሙ፣ ማልያውና የደጋፊው ታማኝነት ነው።

የማንቸስተርን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ማንቸስተር ስቶርም ከሸፊልድ ስቲለርስ ጋር ሲጫወት 17,245 ሰው አዳራሹን ሞላው፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ምድር ለክለብ ጨዋታ እንዲህ ያለ ሕዝብ በአዳራሽ ውስጥ መሰብሰቡ ብርቅ ነበር። ያን ማታ ያየ ሰው ስፖርቱ ዳግመኛ ወደ ኋላ አይመለስም ብሎ ቢምል አይገርምም። ነገር ግን ግዙፉን አዳራሽ ለአንድ ታላቅ ምሽት መሙላትና ዓመቱን ሙሉ ኪራዩን መክፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2002፣ የውድድር ዓመቱ ገና ሳይጋመስ ስቶርም ፈረሰ። ደጋፊዎቹ ተሰባስበው በሚቀጥለው ዓመት ማንቸስተር ፊኒክስ የሚባል ክለብ እንዲቋቋም አገዙ፤ እርሱም በዚያው ግዙፍ አዳራሽ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወጪውን መሸከም ስላልቻለ ከውድድር ወጣ፤ እስከ 2006 አልተመለሰም። ከዚያ በ2007 በማንቸስተር አቅራቢያ ባለችው አልትሪንቻም አነስተኛ አዳራሽ ተከፈተለት፤ በ2015 ደግሞ ያንንም ለቆ በሌሎች ከተሞች በረዶ እየለመነ ተንከራተተና በጥር 2017 ሕልውናው አበቃ። ዛሬ በአልትሪንቻም የሚጫወተው ክለብ ስሙ ስቶርም ይሁን እንጂ፣ የሊግ ቦታውን ያገኘው በሰኔ 2015 የፈረሰውን ሃል ስቲንግሬይስን ተክቶ ነው። የአንዱ ከተማ ደጋፊ ደስታ በሌላው ከተማ ደጋፊ ኀዘን ላይ መቆሙ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስቶርም በፈረሰበት በዚያው ወር ስኮቲሽ ኢግልስም ፈርሷል። ይህ ክለብ መቀመጫው ኤር አካባቢ በነበረበት ጊዜ፣ በ1997/98፣ በዓመቱ የነበሩትን አራቱን ዋንጫዎች ጠራርጎ የወሰደ ነበር፤ ወደ ግላስጎው ብሬሄድ አዳራሽ ተዛውሮ ጥቂት ጨዋታ ብቻ አድርጎ ጠፋ። ስለዚህ ክለቦች የሚፈርሱት ስለሚሸነፉ ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም።

ባለጸጋ ባለቤት መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። የደርሃም ዋስፕስን ነገር ያስታውሱ። በማዕድን ቆፋሪዎች አገር፣ በትንሽ ከተማ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ የቆየና በብዙ ዋንጫ ያጌጠ ክለብ ነበር። የኒውካስል ዩናይትድ እግር ኳስ ክለብ ባለቤት የነበሩት ሰር ጆን ሆል በ1990ዎቹ አጋማሽ ገዙት፤ እግር ኳሱን፣ ራግቢውን፣ ቅርጫት ኳሱንና አይስ ሆኪውን በአንድ ጥላ ሥር ለማድረግ አስበው ነበርና መጀመሪያ ወደ ሰንደርላንድ፣ ከዚያም በ1996 ወደ ኒውካስል አዛወሩት። ደርሃም ክለቧንም የበረዶ አዳራሿንም አጣች። ኒውካስል የደረሰው ክለብ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮብራስ፣ ሪቨርኪንግስ፣ ጄስተርስ እየተባለ ስሙ ሦስት ጊዜ ተለዋውጦ በ2001 አከተመለት። ለንደን ናይትስን የያዘው የአሜሪካው አንሹትዝ ኩባንያም በሀብት የሚታማ አልነበረም፤ የአሜሪካው አይስ ሆኪ ክለብ ሎስ አንጀለስ ኪንግስም የእርሱ ነው፤ ሆኖም የለንደኑ አዳራሽ ሲሸጥ በ2003 ክለቡም አብሮ ቀረ። በዚያው ዓመት ሱፐርሊግ የሚባለው የእነዚህ ሁሉ ውድድር ራሱ ፈረሰ፤ በቦታውም የዛሬው ከፍተኛ ሊግ፣ ኤሊት ሊግ፣ በስምንት ክለቦች ተጀመረ። ከስምንቱ ዛሬ በሊጉ ውስጥ ያለ ማቋረጥ የቆዩት ቤልፋስት፣ ካርዲፍ፣ ኮቨንትሪ፣ ኖቲንግሃምና ሸፊልድ ናቸው።

ባለሀብቶቹን በጅምላ መውቀስ አልፈልግም። ብዙዎቹ ከኪሳቸው እያወጡ ለዓመታት የኪሳራ ቀዳዳ የደፈኑ፣ ስፖርቱን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የእኔ ጥያቄ ስለ ጥሩ ወይም መጥፎ ሰው አይደለም፤ ጥሩው ሰው ሲታክተው ወይም ሲሞት ደጋፊው በምን ላይ ይቆማል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የክለቡን ስም አልጠቅስም። ለራሴና ለልጄ የሚቀጥለውን ዓመት ትኬት አስቀድሜ ከፈልኩ፤ ቀደም ብሎ ለገዛ ቅናሽ አለው ስለተባለ የተሰለፍን ብዙ ነበርን። ክለቡ በውድድሩ አጋማሽ መጫወት አቆመ። የመጣልን ደብዳቤ የፈረሰውን ክለብ ንብረት ለገንዘብ ጠያቂዎች ከሚያከፋፍለው ሒሳብ አጣሪ ነበር፤ ዋስትና ከሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎች አንዱ መሆኔን ይገልጻል። ልጄ ደብዳቤውን አንሥቶ፣ «ገንዘባችን መቼ ይመለሳል?» ሲለኝ የገንዘብ ጠያቂዎቹን ሰልፍ ማስረዳት ነበረብኝ፦ ቅድሚያ ንብረት ያስያዘ አበዳሪ፣ ቀጥሎ የማጣራት ሥራው ወጪ፣ ከዚያ የሠራተኞች ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ ደግሞ ክለቡ ከሌላው ሰብስቦ ያላስገባው ግብር፤ እኛ ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ነን። ሰልፉ እኛ ጋ ሳይደርስ ገንዘቡ አለቀ። በክሬዲት ካርድ የከፈለ ጎረቤቴ ግን ገንዘቡን አስመልሷል፤ በብሪታንያ ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ የሆነ ነገር በክሬዲት ካርድ ከተገዛና ሻጩ ካላስረከበ፣ ካርዱን የሰጠው ተቋም አብሮ ተጠያቂ ነውና። በዚህ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች ለየትኛውም ክለብ የዓመት ትኬት ስትገዙ ይህን አትርሱ።

ከዚህ ተነሥቼ የማምነው ነገር ይህ ነው፦ ደጋፊ በጸደይ ወራት ለመጪው መጸውና ክረምት ጨዋታ የሚከፍለው ገንዘብ የክለቡ ገቢ ሳይሆን አደራ ነው። ጨዋታው እስኪደረግ ድረስ በዝግ ሒሳብ መቀመጥ፣ አንድ የሜዳ ጨዋታ በተደረገ ቁጥርም የዚያ ጨዋታ ድርሻ ብቻ መለቀቅ አለበት። አሁን የሚደረገው ግን በብዙ ቦታ ይህ ገንዘብ ያለፈውን ዓመት ዕዳ መክፈያ ነው፤ ነገ የሚገባው ዛሬ ይበላል፤ ክለቡ ጤነኛ ይመስላል፤ የትኬት ሽያጩ አንድ ዓመት ቀነስ ያለ ዕለት ሁሉ ነገር ይታያል። ይህ አሠራር ቢመጣ አንዳንድ ክለቦች ጨዋታ በሌለበት በበጋው ወራት ገንዘብ እንደሚያጥራቸው አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ የሚያጥራቸውን ባለቤቱ ከራሱ ይሙላ ወይም በግልጽ ይበደር፤ ሳያውቅ አበዳሪ የሚሆን ደጋፊ መኖር የለበትም።

ይህን ማን ያስገድድ? ሊጉ የራሳቸው የክለቦቹ ድርጅት ነው። ለዓመታት ሊቀ መንበር ሆነው የመሩት ቶኒ ስሚዝ የሸፊልድ ስቲለርስ ባለቤትም ነበሩ። ይህን የማነሣው እርሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ ስፖርቱ ትንሽ ስለሆነ ሥራውን የሚሸከሙት ያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ባለቤቶች ባለቤትን እየመረመሩ ፈቃድ የሚሰጡበት ሥርዓት፣ ከስምንት ሺሕ በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያለውን ክለብና ሁለት ሺሕ ተኩል የማይሞላውን በአንድ ሚዛን እንዲወዳደሩ የሚያደርግ ሥርዓት፣ ለደካማው ከአቅሙ በላይ እንዳይቀጥር ልጓም ሊያበጅለት አይችልም። አነስተኛ ኩባንያዎች ትርፍና ኪሳራቸውን ሳይዘረዝሩ አጭር የሒሳብ መግለጫ ብቻ ለሕዝብ መዝገብ እንዲያስገቡ ሕጉ ሲፈቅድ ስለኖረ፣ ደጋፊ በራሱ አጣርቶ የሚደርስበት ነገርም ትንሽ ነው። ፓርላማው በ2025 ለእግር ኳስ ነጻ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ሕግ አውጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የባለቤቶችን ብቃትና የክለቦችን የገንዘብ አቅም ይመረምራል። ለአይስ ሆኪ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ትልቅ መሥሪያ ቤት አልጠይቅም፤ ከባለቤቶቹ ነጻ የሆነ፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት የእያንዳንዱን ክለብ ሒሳብ የሚያይ አንድ ኦዲተር ይበቃል።

የተለየ መንገድ እንዳለ ደግሞ ቤልፋስት ታሳያለች። ቤልፋስት ጃይንትስ በ2000 የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ባለቤቱ የሚጫወትበትን አዳራሽ የሚያስተዳድረው ኦዲሲ ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ክለቡና አዳራሹ በአንድ እጅ በመሆናቸው ተመልካቹ ለሻይ የሚከፍለውም ለትኬት የሚከፍለውም እዚያው ቤት ይገባል፤ የጨዋታ ቀንም በኪራይ ድርድር አይጣልም። ሁሉም ከተማ ይህን ያገኛል አልልም፤ ካርዲፍ አሮጌው አዳራሽ በ2006 ከፈረሰ በኋላ ለጊዜው ተብሎ በተተከለ ሰማያዊ ድንኳን መሳይ አዳራሽ ውስጥ እስከ መጋቢት 2016 ድረስ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መቆየት ነበረበት። ሆኖም የከተማ ምክር ቤቶች አዲስ የበረዶ አዳራሽ ሲሠሩ ወይም ሲያድሱ ለክለቡ ረጅም የኪራይ ውልና ከምግብና መጠጡ ገቢ ድርሻ እንዲኖረው ቢያደርጉ፣ ከማንኛውም ባለጸጋ ቸርነት የሚበልጥ ዕድሜ ይሰጡታል።

የቀጣዩ ዓመት ትኬት ሽያጭ ጸደይ ሲመጣ ይከፈታል። ልጄ አሁን አድጎ በራሱ ደመወዝ ነው የሚገዛው፤ እንደገና አብረን ለመግባት ወስነናል። ከመክፈላችን በፊት ግን ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፈናል፤ የጠየቅነውም አንድ ነገር ነው፦ ገንዘባችን የመጀመሪያው ጨዋታ እስኪደረግ በማን ስም፣ በየትኛው ሒሳብ ይቀመጣል?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከእንግሊዝ