ፈረስ ያለበት ወንጀል ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት እሸጣለሁ። የወንጀል ልቦለድ አንባቢ አጣ ሲባል እሰማለሁ። አንባቢማ ሞልቷል! የቸገረው ታሪኩ ነው፤ ሁልጊዜ ውርስ፣ ሁልጊዜ የቦሌ ቪላ፣ ሁልጊዜ ድምፅ አልባ ሽጉጥ። ደንበኞቼ ገዳዩን ገና ከጅምሩ ያውቁታል።

በእንግሊዝኛ በፈረስ እሽቅድምድም ዙሪያ የተጻፉት ግን እጄ ላይ አይሰነብቱም። እዚያ ጋላቢው ከውድድሩ በፊት ከነኮርቻው ይመዘናል፤ ከተመደበለት ክብደት ካነሰ ጠፍጣፋ የእርሳስ ብረት ይጨመርለታል፤ ሲጨርስ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። ያ እርሳስ መሀል መንገድ ላይ ቢጠፋስ? መኖው ውስጥ መድኃኒት ቢገባስ? ጠመንጃ ሳይተኮስ ስንቱ ይከስራል! በ1956 እ.ኤ.አ. ግራንድ ናሽናል በተባለው የእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድምድም የንግሥቲቱ እናት ፈረስ ዴቨን ሎክ እየመራ ሳለ፣ መጨረሻው መስመር ጥቂት ሲቀረው በድንገት በሆዱ ተዘረጋ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጋላቢው በኋላ የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ወጣው፤ ምን ይደንቃል?

እኛስ ምን ጎደለን? ፈረስ የተጋለበበት፣ ጉግስ የታየበት ጃንሜዳ ስድስት ኪሎ አጠገብ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ብለን በፈረስ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። አንድ ባላባት ፈረሱ በሌሊት በሚመስለው ቢለወጥበት፣ የተሰረቀው ስሙም ጭምር ነው። ይኸው መነሻውን በነፃ ሰጠሁ።

ጽፎ ላሳተመ ደራሲ ከመደርደሪያዬ የፊት ረድፍ ቦታ አለኝ፤ ኮሚሽኔን ግን አልተውም።

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ፣ ከአዲስ አበባ