ስለ 1969ኙ የድሬዳዋ ወጣቶች ለሚሠራ ፊልም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ልጆችና የከተማችን ወዳጆች፤

በደርግ ዘመን የድሬዳዋ ወጣቶች ያደረጉትንና የደረሰባቸውን የሚተርክ ታሪካዊ ፊልም ለመሥራት የተሰባሰብን የከተማዋ ነዋሪዎች ነን። የፊልሙ ጽሑፍ ተጠናቋል፤ የቀረጻው ወጪ ግን እኛ ካዋጣነው በላይ ስለሆነ ይህን ጥሪ ለማቅረብ ተገደናል።

ቀይ ሽብር ሲነሣ በብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው አዲስ አበባ፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም መሰል ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የከሰከሱበት አብዮት አደባባይ ነው። የድሬዳዋው ጉዳይ ግን የራሱ መልክ ነበረው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ ጫፍ ደርሶ ስለነበር፣ ደርግን የሚቃወም ወጣት ከውጭ ወራሪ ጦር፣ ከውስጥ የቀበሌ አሰሳ ይጠብቀው ነበር፤ መንግሥትን መቃወምና አገርን መክዳት አንድ ተደርገው በሚታዩበት በዚያ ወቅት ተቃውሞውን ለገዛ እናቱ እንኳ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። የፊልማችን ማዕከል ይህ ጭንቀት ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ደርግ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ካዘመተበት ከእድገት በኅብረት ዘመቻ የተመለሰች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ስትሆን፣ ሌሊት በራሪ ወረቀት የሚባዛበትን ስቴንስል በታይፕ ትመታለች፤ ቤቷን ሊፈትሽ የሚመጣው አብዮት ጠባቂ ደግሞ በዘመቻው አንድ ድንኳን ሥር አብሯት የከረመ ጓደኛዋ ነው። ወጣቶቹን እንከን የለሽ አድርገን ለማቅረብ አንፈልግም። የዘመኑ ተቀናቃኝ የግራ ፓርቲዎች ኢሕአፓና መኢሶን የተገዳደሉበትን ታሪክ ዘሎ የሚያልፍ ፊልም፣ በእኛ እምነት፣ ለሟቾቹም ክብር አይሆንም።

ገንዘቡ በብዛት የሚውለው ዘመኑን መልሶ ለመገንባት ነው። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፎቿ ጥላ ብዙ ያግዙናል፤ ይሁን እንጂ ዲሽ የማይታይበት ጣሪያ፣ ባጃጅ የማያልፍበት መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኖብናል (መንገድ በምናዘጋበት ግማሽ ቀን ለባጃጅ ነጂዎች የሚከፈለው ካሣ ራሱ ቀላል አይደለም)። ፔጆ 404 መኪኖችን ከሐረር እንከራያለን። ተዋንያኑም እንደ ከተማችን ልማድ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እያቀላቀሉ ስለሚነጋገሩ ለድምፅ ቀረጻና ለትርጉም ጽሑፍ የተለየ ወጪ አለብን።

ከ50 ብር ጀምሮ የአቅማችሁን ብትለግሱ በምስጋና እንቀበላለን። የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዷ ከኮሚቴው ውጭ የተመረጡ የዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ለለጋሾች ይገለጻል። ገንዘብ የማይመቻችሁ የአማርኛ ታይፕ፣ የስቴንስል ማባዣ፣ ቤልቦተም ሱሪ ወይም የዘመቻ ልብስ ብታውሱን ትልቅ ሸክም ታቀሉልናላችሁ።

ከሁሉ በላይ የምንሻው ግን ምስክርነታችሁን ነው። በ1969 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ዓመት የነበራቸው እህቶችና ወንድሞች ዛሬ ወደ ሰባ እየተጠጉ ስለሆነ፣ ቀረጻው እስኪጀመር ሳንጠብቅ ቤታችሁ ድረስ መጥተን ቃላችሁን እንቀዳለን፤ ስማችሁ እንዲገለጽ ካልፈለጋችሁ አይገለጽም። ፎቶግራፍ ያላችሁም እዚያው በፊታችሁ ቀድተን ወዲያው ስለምንመልስላችሁ፣ ከእጃችሁ ይወጣል ብላችሁ አትስጉ። በፎቶው ላይ ያሉትን ልጆች ስም ግን እባካችሁ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉልን።