ተጋጣሚሽ ሲሳሳት

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በብሪጅ (ሁለት አጋሮች ከሌሎች ሁለት ጋር በካርታ የሚጋጠሙበት ጨዋታ) የጥንዶች ውድድር ልትቀመጪ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ጨረታውንና አጫወቱን አስተማሪሽ ያሳይሻል፤ እኔ የምጽፍልሽ ተጋጣሚሽ በግድየለሽነት ሲሳሳት ምን ማድረግ እንዳለብሽ ነው።

ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውየው አሸናፊ ካርታውን ሳይቆጥር ከጣለ፣ ያ የአጫወት ስህተት ነው። ትሪኩን (አራቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ካርታ የጣሉበትን ዙር) ውሰጂና ቀጥዪ። ፈገግ አትበዪ፣ ለአጋርሽ ዓይንሽን አትጥቀሺ፣ «ያንን ባይጥሉ ኖሮ» ብለሽም አታስተምሪ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የገዛ አጋራቸው የሚላቸው ይበቃቸዋል።

ሕግ የሚጥሰው ስህተት ግን ሌላ ነው። ዋናው ሪቮክ ነው፦ የተመራው፣ ማለትም ለትሪኩ መጀመሪያ የወጣው ዓይነት (ሃርት፣ ዳይመንድ፣ ክለብ ወይም ስፔድ) በእጅ እያለ ሌላ ዓይነት መጣል። 3 ኖትራምፕ ይዘሻል እንበል፤ ይህ በጨረታው የገባሽው ውል ነው፣ ከሌሎቹ የሚበልጥ ዓይነት የለውም፤ 9 ትሪክ ያስፈልግሻል። የሃርት ኪንግ ትመሪያለሽ፣ በግራሽ ያሉት አዛውንት ክለብ 4 ይጥላሉ። ሃርት 7 ከዳይመንዶቹ መሃል ተሸጉጣባቸዋለች፤ ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ ዓይን ያታልላሉ።

እዚያው «ሃርት የለዎትም?» ብለሽ በለዘበ ድምፅ ጠይቂ። ጨዋታውን የያዘ ሰው ተከላካዩን እንዲህ እንዲጠይቅ ሕጉ ይፈቅዳል፤ እኔ በብሪጅ ከማውቀው ደግነት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። እሳቸው ወይም አጋራቸው ለቀጣዩ ትሪክ ካርታ እስኪያወጡ ድረስ ስህተቱ ይታረማል። ዳኛው ይጠራል፣ ሃርቷን ያወጣሉ፤ የጣሏት ክለብ ግን የቅጣት ካርታ ሆና ፊቷ እየታየ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፣ በመጀመሪያው በሚፈቀድበት አጋጣሚም ትጫወታለች። ደሚ፣ ማለትም ካርታው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አጋሩ የሚጫወትለት ሰው፣ ከሆንሽ ግን ተከላካይን አትጠይቂ፤ ለደሚ የተፈቀደው የራሱን አጋር መጠየቅ ብቻ ነው።

ሳይታወቅ አልፎ ከሦስት ትሪክ በኋላ ሃርት 7 ብቅ ብትልስ? «አጭበረበሩ» የሚመስል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። «ዳኛ ብንጠራ ይሻላል» በይና እጅሽን አንሺ። የተጫወትሻቸውን ካርታዎች አትደባልቂ፤ በተራቸው ካልተቀመጡ ማን ምን እንደጣለ ማረጋገጥ ያስቸግራል። ዳኛው ጨዋታው እንዲያልቅ አድርጎ ይቆጥራል። ሪቮክ የተደረገበትን ትሪክ የወሰድሽው አንቺ በኪንግሽ ስለሆነ፣ የእነሱ ወገን ከዚያ በኋላ አንድም ትሪክ ካገኘ አንድ ወደ አንቺ ይዞራል። ሪቮክ ያደረገው ሰው ራሱ ያንን ትሪክ ወስዶ ወገኑ በኋላ ሌላም ካገኘ ሁለት ይዞራል። ምንም ካላገኙ የሚዞር የለም። ጉዳትሽ ከዚህ ከበለጠ ዳኛው ያስተካክላል።

እንግዲህ 8 የነበረው ትሪክሽ 9 ሆነ እንበል። 50 ነጥብ ከምታጪ 400 አገኘሽ። ሰውየው አንገታቸውን ሲደፉ ስታዪ «ይቅር፣ ልተውላቸው» ያሰኝሻል። ቤት ውስጥ በሻይ ሰዓት ቢሆን እሺ። እዚህ ግን ያው ካርታ በሌሎች ጠረጴዛዎችም ይጫወታል፤ በአብዛኛው የጥንዶች ውድድር ነጥብ የሚሰጠው በንጽጽር ነው፤ ከበለጥሽው ጥንድ 2፣ ከእኩያሽ 1። ለሳቸው የተውሽው ትሪክ፣ በሳቸው አቅጣጫ ተቀምጠው ሳይሳሳቱ ከተጫወቱት ሰዎች ላይ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ሕጉ ቅጣቱን ማንሳት ለአንቺም ለእሳቸውም አልተወውም። በቂ ምክንያት ካየሽ ለዳኛው አመልክቺ፤ ይቅር ማለት በእሱ እጅ ነው። አንቺ ልትሰጪያቸው የምትችዪው ድምፅሽን ዝቅ ማድረግና ቀጣዩን ካርታ ሳታዘገዪ ማንሳት ነው።

ጨረታ ላይም እንዲሁ ነው። ከጨረታ ካርዶቹ ሳጥን 1 ሃርት ሊያወጡ ጣታቸው 1 ስፔድ ቢስብ፣ ካርዶቹ ስለሚጣበቁ ይህ ያጋጥማል። ጣት ከሳተ መቀየር ይፈቀዳል፣ ሐሳብ ከሳተ ግን አይፈቀድም። የትኛው እንደሆነ አንቺ አትከራከሪ፤ ለዳኛው ተዪው።

አንድ ነገር አደራ፦ ያላሸነፍሽውን ትሪክ እያወቅሽ አትቀበዪ። ውጤት ሲመዘገብ 10 ቢጽፉልሽና 9 ብቻ ወስደሽ ከሆነ ያኔውኑ ተናገሪ። ማንም ባያይ እንኳ ሕጉ ግዴታሽ ያደርገዋል። የራስሽን ሪቮክ በጊዜው ካወቅሽም አርሚው፤ በሌላ ሪቮክ መሸፈን ክልክል ነው።

አንቺም ትሳሳቻለሽ። ካርታሽን ከማየትሽ በፊት በጀርባው 13 መሆኑን ቁጠሪ፤ ስትደረድሪ ቀይና ጥቁሩን አፈራርቂ፣ ሃርትና ዳይመንድ ጎን ለጎን እንዳይሆኑ። ቅዳሜ ማታ ደውዪልን፣ እናትሽም ትጠብቃለች።

አባትሽ