የአስተርጓሚዎች ክበብ ዓመት፦ «ልጄ አይሰማም» ሲባል

ክበባችን የተቋቋመው እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ ልጃቸው ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ከትምህርት ቤት ጋር ሲነጋገሩ ለማገዝ ነው። ዓመቱ ሲጀመር ሁላችንም የፈራነው የሐኪም ቤቱን ረጃጅም ቃላት ነበር። እነሱ ግን ብዙም አላስቸገሩም፤ ቃሉን ያላወቀ ሰው ቆም ብሎ ይጠይቃል። ያስቸገሩን ሁሉም ሰው አውቃቸዋለሁ የሚላቸው ናቸው።

እናት «ልጄ አይሰማም» ስትል ጆሮውን ነው ወይስ አይታዘዝም ማለቷ ነው? አንዱ ወደ መስማት ምርመራ፣ ሌላው ወደ ጠባይ ውይይት ይወስዳል። «ይጥለዋል» የሚለውን እዚህ የተወለዱ ተማሪዎቻችን ቃል በቃል ሲመልሱት የሚጥል በሽታ መሆኑ ጭራሽ ይጠፋል። «ልጁ አካል ጉዳት አለበት?» ለሚለው የቅጽ ጥያቄ ደግሞ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጅ «አካሉስ ደህና ነው» ብሎ «የለም» ላይ ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ አስተርጓሚ አይገምትም። «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» ብላ በሁለቱም ቋንቋ ካስታወቀች በኋላ ትጠይቃለች።

ከ18 ዓመት በታች የሆኑ አባላት ስብሰባ ላይ አያስተረጉሙም፤ የገዛ ወንድም ወይም እህታቸው ጉዳይ ሲሆን ደግሞ በስልክም ቢሆን አይገቡም። የጎረቤትን ምስጢር ልጅ ላይ መጫን አይገባም። የእነሱ ሥራ የቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ቅጽ አሞላል መለማመድና ለአዋቂ በጎ ፈቃደኞች እንግሊዝኛውን ማፍታታት ነው። አዋቂዎቹ አማርኛው፣ ልጆቹ እንግሊዝኛው ስለሚቀናቸው ሁለት ሁለት አድርገን ማጣመራችን ጠቅሟል።

ወላጆች በተደጋጋሚ መስማት ያለባቸው አንድ ነገር አለ። አይኢፒ በሚባለው የልጁ የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ በፌዴራል ሕግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ እኛ የእሱ ምትክ አይደለንም። በዚህ ጉዳይ እኛ የምንገባው ከስብሰባው በፊትና በኋላ ነው። በሜሪላንድ የልጁ ኢቫሉዌሽን፣ ማለትም ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ፣ ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠ በ60 ቀን፣ የጽሑፍ ጥያቄው ከደረሰ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ልጅ ሲያደርሱ በር ላይ ለመምህሯ በቃል የተነገረ ጥያቄ ይህን ቀን አያስቆጥርም። ተማሪዎቹ ያዘጋጁት ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነው፦ የልጁ ስምና የትውልድ ቀን፣ ወላጁን ያሳሰበው ነገር፣ «ኢቫሉዌሽን እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ቀንና ፊርማ። ከመላኩ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣል። በስብሰባው የሚታዩ ሰነዶች ቢያንስ 5 የሥራ ቀን ቀደም ብለው ለወላጅ መድረስ ስላለባቸው፣ ቁጭ ብለን የምናነበው በእነዚያ ቀናት ነው።

«ኢቫሉዌሽን»ን «ግምገማ» ማለት ትተናል። ለአገር ቤት ሰው ግምገማ ሒስ የሚዘንብበት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው፤ «ምን አጠፋን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። «ልጁ የሚችለውንና የሚያስፈልገውን ማየት» እንላለን፣ ረዘም ቢልም። «ኦኩፔሽናል ቴራፒ»ም «የሥራ ሕክምና» ሲባል ልጁን ሥራ ሊያስቀጥሩት ይመስላል። እርሳስ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ በማንኪያ መብላት እያልን እንዘረዝረዋለን። እስካሁን የረባ ቃል ያላገኘንለት የ«አኮሞዴሽን» እና የ«ሞዲፊኬሽን» ልዩነት ነው፤ ሁለቱም «ማስተካከያ» ተብለው ይታለፋሉ። የመጀመሪያው ትምህርቱን ሳይለውጥ ለምሳሌ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ይሰጣል። ሁለተኛው የሚማረውን ራሱን ይቀንሳል፤ ውሎ አድሮ ልጁ ዲፕሎማ ይቀበላል ወይስ የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት የሚለውን ሊነካ ይችላል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም።

«እሺ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ሰው «እሺ» ሲል ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ» ማለቱ ነው፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ሲልም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ግን ስምምነት ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ወላጆች «ገብቶኛል፣ ግን ገና አልተስማማሁም» ማለትን አስቀድመው ይለማመዳሉ። ፊርማም ላይ እንዲሁ ነው፦ የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ላይ መፈረም ዕቅዱን መቀበል ስላልሆነ፣ ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ሳይነበብ እስክሪብቶ አይነሣም።

ቀንና ሰዓት የዓመቱ ትልቁ የስሕተት ምንጭ ነበሩ። ከአገር ቤት በመጣ ወረቀት ላይ 05/01/2010 ተብሎ የተጻፈ የትውልድ ቀን መስከረም 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15፣ 2017። እዚህ የሚያነበው ሰው ሜይ 1፣ 2010 ብሎ ይወስደዋል። ልጁ ከሰባት ዓመት በላይ ይጨመርበትና ንግግሩ ከታላላቆቹ ጋር ይመዘናል። ቀጠሮ ስንናገር ደግሞ «ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካ ሁለት፣ በአበሻ ስምንት ሰዓት» ብለን ሁለቱንም እንጠራለን። «ሁለት ሰዓት» ብቻ የተባለች እናት ጠዋት ልትመጣ ትችላለች።

በልምምድ ሰዓት ቶሎ የሚወድቁት ቁጥሮች ናቸው። «በሳምንት 2 ጊዜ፣ 30 ደቂቃ» የሚለው ከሦስት ዓረፍተ ነገር በኋላ ወይ ይረሳል ወይ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ቁጥርን ወዲያው መጻፍና ተናጋሪውን በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ እጅ አንሥቶ ማስቆም ነው። አስተርጓሚ ከወላጅ ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል። «እናትየዋ እንዲህ አለች» አይልም፤ «ልጄ ሌሊት አይተኛም» ብሎ በእሷ አፍ ይናገራል። የመምህሩ «ዩ» ለወላጅ ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው። ማስታወሻው ውይይቱ እንዳለቀ ይቀደዳል። በዕድርም በቤተ ክርስቲያንም የምንተዋወቅ ሰዎች ስለሆንን በጎ ፈቃደኛው አስቀድሞ «ያውቁኛል፤ ሌላ ሰው ይሻልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ጉድለታችን ግልጽ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ ይቀናዋል ብለን ጀመርን፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «በየትኛው ቋንቋ ይቀልዎታል?» መሆን ነበረበት። በሚመጣው ዓመት ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገሩ በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጉናል። ምዝገባው ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ በአበሻ ሰባት፣ በአሜሪካ አንድ ሰዓት።