ከግማሽ ሚሊሜትር ጋር ስጣላ ጠፋሁብህ

ኑረምበርግ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጀማል፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እናታችን ደኅና ናቸው? ስድስት ዓመት ጠፍቶ «እንደምን ከርመሃል» ማለት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። አባባ ሲያርፉ እንኳን አልደወልኩልህም። በመጀመሪያው ሳምንት የምለው ጠፋኝ፤ ከወር በኋላ አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታው እየከበደኝ ሄደ። ሥራ በዛብኝ ብዬ አላሳብብም። ይቅር በለኝ።

አሁን ያስጻፈኝ አንድ ቁራጭ ነሐስ ነው። ምድር ቤቴ ውስጥ የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሼ እየሠራሁ ነው። ሳቅ፣ ግድ የለም። ጀርመን የመጀመሪያ ባቡሯን በ1835 እ.ኤ.አ. ያስኬደችው ከዚህ ከተማ ስለሆነ፣ እዚህ ሽማግሌው ሁሉ በትንንሽ ባቡር ቢጫወት የሚገርመው የለም።

የእኛ የድሮው ሀዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር አይደል? ለ87 ስታካፍለው 11.5 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ገበያ ላይ ያለው ለስዊስ የተራራ ባቡሮች የተሠራው 12 ነው። ግማሽ ሚሊሜትሯን እያመመኝ ዋጥኳት። ያልዋጥኩት አግዳሚዎቹን ነው። የሚሸጠው ሀዲድ እንጨት መሰል አግዳሚ ላይ ያረፈ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ብረት ነበሩ፤ በልጅነታችን በባዶ እግር ስንረግጣቸው እንዴት ያቃጥሉን እንደነበር አትረሳውም። ስለዚህ ሀዲዱን ራሴ ልሥራ አልኩ። ለዚያ ደግሞ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያውም ይሸጣል፤ ግን በአባባ እጅ ያለፈ ሰው ይህን ገዝቶ እንዴት ያድራል?

በመጀመሪያ የሠራሁት ሀዲድ ማጉበጫ ነው። አንድ ወፍራም ላሜራ ላይ ሦስት ኩሽኔታ፤ ሁለቱ ቆመው መሀለኛውን በብሎን እየገፋህ፣ ሀዲዱን በመካከላቸው ቀስ ብለህ ትስበዋለህ። ኩሽኔታዎቹን ስገጥም በከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር የነዳናት የእንጨት መኪናችን ትዝ አለችኝ። ጉልበትህ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም አለ?

ቀጥሎ አግዳሚዎቹን አራርቆ የሚይዝ ቅርጽ ሠራሁ። ከእንጨት የሠራሁት በመበየጃው ሙቀት ከሰለ፤ በአሉሚኒየም ቀየርኩት። ስታኞ፣ ማለትም መበየጃው ቆርቆሮ፣ አሉሚኒየም ላይ ስለማይዝ ሥራው ሲያልቅ ሀዲዱ በቀላሉ ይነሳል። አግዳሚዎቹ ፊታቸው በመዳብ ከተለበጠ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የተቆረጡ ናቸው። ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሀዲዶች ስለሚሄድ፣ ሁለቱ እንዳይገናኙ የእያንዳንዱን አግዳሚ መዳብ መሀሉን በሞረድ መቁረጥ ግድ ነው። ከ180 አግዳሚዎች አንዷን ረስቼ ሌሊቱን ሙሉ ስፈልጋት አድሬያለሁ።

የነሐሱ ነገር እንዲህ ነው። የሀዲዱን ስፋት የሚጠብቅ፣ ከነሐስ የተሠራ ባለ ሦስት እግር መለኪያ አለ። በኩርባ ላይ ሁለቱን እግሮች በውጪኛው ሀዲድ፣ አንዱን በውስጠኛው ታሳርፋለህ። ሁለቱ እግሮች የሚያያዙበት መስመር ቀጥ ያለ፣ ሀዲዱ ደግሞ ጎባጣ ስለሆነ፣ ሦስተኛው እግር ውስጠኛውን ሀዲድ ትንሽ ይገፋዋል፤ ኩርባው በጠበበ ቁጥር መንገዱ በራሱ ይሰፋል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! እኔ ግን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሁለቱን በውስጥ፣ አንዱን በውጪ። መንገዱ እንደመስፋት ጠበበ፣ ባቡሩ ኩርባው ላይ ሽቅብ ወጥቶ ከጠረጴዛው ወደቀ። ከወለሉ ሳነሳው የአባባ ድምፅ መጣብኝ።

በክረምት ወርክሾፑ ደጃፍ አስቀምጠው ቁራጭ ብረት እየሰጡ ያስሞርዱን አልነበር? ስኳድራውን፣ ያንን የማዕዘን መለኪያ፣ ፊቱ ላይ አቁመው ወደ ብርሃን ያነሱትና «ብርሃን ያልፋል። እንደገና!» ይሉናል። አንተ ሁለቴ ስትመለስ እኔ ሰባት ጊዜ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ያለቀስኩት ለዚያ መሆኑን ለማንም አልተናገርክብኝም።

መለኪያውን ከሞርሳው ነቅዬ ወደ አምፖሉ አነሳሁት። ብርሃን ያልፋል፣ ጀማል። አንደኛው እግር ከሌሎቹ ያጥራል። በሞረድ የማላስተካክለው ነው፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ ያስፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ ቶርኖ የለኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛ፣ ከድሮው ሀዲድ ጎን ስታልፍ የሁለት አግዳሚ ብረቶችን ርቀት ከመሀል እስከ መሀል ለካልኝ። ከፎቶግራፍ ገምቼ 8 ሚሊሜትር አድርጌዋለሁ፤ በእውነተኛው 70 ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ ያንን ሁሉ አፈርሰዋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ለክተህ አትተወው፤ ኩርባው ላይም ለካ።

ሁለተኛ፣ ለገና ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ሰው አለ። መለኪያውን በጨርቅ ጠቅልዬ እልክልሃለሁ፤ እጥር ያለውን እግር ከነሐስ አዲስ ቀርጸህ መልስልኝ። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ነው፤ ቁመቱን ከሌሎቹ ሁለቱ ውሰድ። እሑድ ማታ እደውላለሁ፤ ካላነሳህ ሰኞም እደውላለሁ።

ወንድምህ ሰለሞን